ሳቁም ሙያ ነው፦ «ትሪኒቲ»ን ለነቀፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በፊልም ወዳጆች ዘንድ ብዙ የተጋራ አንድ ጽሑፍ አንብቤያለሁ። የሚያወራው ስለ ጣሊያኖቹ አስቂኝ የካውቦይ ፊልሞች ነው፤ በተለይም በ1970 ወጥቶ ተዋናዮቹን ቴረንስ ሂልንና በድ ስፔንሰርን በዓለም ዙሪያ ስላሳወቀው፣ ብዙዎቻችን በእንግሊዝኛ ስሙ «ትሪኒቲ» ብለን ስለምንጠራው ፊልም። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጽሑፉ በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው በኮስታራ የካውቦይ ፊልሞቹ የታወቀውን የጣሊያናዊውን ዳይሬክተር የሰርጂዮ ሊዮኔን ፊልሞች ከልብ እንደሚወዱም ያስታውቃል፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን በትሪኒቲ ላይ የሰጡት ፍርድ ከሥራው ታሪክ ጋር አይገጥምም፤ በዝምታ ማለፍም አልፈለግሁም።

ጸሐፊው ያሉትን መጀመሪያ በትክክል ላስቀምጥ። ትሪኒቲን የሠሩት ቁም ነገር ያለውን የካውቦይ ፊልም መሥራት ያቃታቸው ሰዎች ናቸው፣ ስኬቱም አጋጣሚ ነው ይላሉ። ድብድቡ የልጆች ጨዋታ እንጂ የፊልም ጥበብ አይደለም ይላሉ። የተዋናዮቹ ስም ተውሶ፣ ድምፃቸው የሌላ ሰው፣ አሜሪካ የተባለው ቦታም ጣሊያን ስለሆነ ፊልሙ ከላይ እስከ ታች ሐሰት ነው ይላሉ። ከሳቁ ጀርባ አንዳች ሐሳብ የለም፣ ማንም ስለማይሞት ምንም የሚያሰጋ ነገርም የለም ይላሉ። የመጨረሻውና ከባዱ ክሳቸው ደግሞ ይህ የመጀመሪያው አስቂኝ ዌስተርን (የካውቦይ ፊልም ማለት ነው) የጣሊያንን የካውቦይ ፊልም ገደለው የሚል ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ፊልሙን የጻፈውና ያዘጋጀው ኤንዞ ባርቦኒ ነው፤ በመግቢያው ጽሑፍ ላይ ኢ. ቢ. ክላቸር የሚለው ስም የእሱ ነው። ባርቦኒ ወደ ዳይሬክተርነት የመጣው ለረጅም ዓመታት በካሜራ ሙያ ከኖረ በኋላ ነው። ሰርጂዮ ኮርቡቺ በ1966 ያወጣውን «ጃንጎ» የቀረጸው እሱ ነው። ፈርዲናንዶ ባልዲ በ1968 ቴረንስ ሂልን በጃንጎነት ያሳየበትን ፊልም የቀረጸውም እሱ ነው። በዳይሬክተርነት የመጀመሪያ ሥራው የሆነው፣ ያው በ1970 የወጣው «ቻክሙል» ደግሞ ቀልድ የሌለበት የበቀል ታሪክ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ኮስታራውን ዌስተርን መሥራት ያቃተው ሳይሆን፣ በጭቃውና በደሙ መካከል ቆሞ ሲቀርጸው የኖረ ነው።

ይህን ካወቅን በኋላ የሁለቱን ፊልሞች መክፈቻ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በጃንጎ መክፈቻ ላይ ፍራንኮ ኔሮ ፈረስ የለውም፤ ኮርቻውን በጀርባው አዝሎ፣ የሬሳ ሣጥን በገመድ እየጎተተ፣ ጭቃውን በእግሩ እያቦካ ይመጣል። በትሪኒቲ መክፈቻ ላይ ጀግናው፣ ቴረንስ ሂል፣ ፈረስ በሚጎትተው የእንጨት ቃሬዛ ላይ ተንጋሎ፣ በጠራራ ፀሐይና በአቧራ መካከል ተኝቶ ይመጣል። እዚያ ሰው ሞትን ይጎትታል፤ እዚህ ፈረስ ሰነፍ ሰውን ይጎትታል። ሁለቱንም ያየው የአንድ ሰው ዓይን ነው፤ ይህን ግልባጭ በአጋጣሚ የመጣ ነው ማለት ይከብደኛል። ባርቦኒ የሚያስቀው የትኛውን ሥዕል እንደሚገለብጥ ስለሚያውቅ ነው፤ የሚያውቀውም ራሱ ስለሠራው ነው።

ተዋናዮቹም እንዲሁ ናቸው። ቴረንስ ሂል የተባለው ማሪዮ ጂሮቲ በ1963 በሉኪኖ ቪስኮንቲ «ነብሩ» ውስጥ የተወነ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በካሜራ ፊት ያደገ ሰው ነው። እሱና በድ ስፔንሰር ከትሪኒቲ በፊት በጁሴፔ ኮሊዚ መሪነት ከ1967 እስከ 1969 ሦስት የካውቦይ ፊልሞች አብረው ሠርተዋል፤ የመጀመሪያው በተለይ ጨለማ የሞላበት፣ ጨካኝ ፊልም ነው። ክፉውን ሻለቃ ሃሪማንን የተጫወተው ፋርሊ ግሬንጀርም ከታዋቂው ዳይሬክተር ከሂችኮክ ጋር ሁለት ፊልም የሠራ አሜሪካዊ ነው። ግሬንጀር በትሪኒቲ ውስጥ ለማሳቅ አይሞክርም። ሻለቃውን በኩራትና በቁጣ፣ ልክ በኮስታራ ፊልም ውስጥ እንዳለ አድርጎ ይጫወተዋል። ቀልዱ የሚሠራውም ለዚህ ነው፤ ሂልና ስፔንሰር ከሚጫወቷቸው ሁለት ወንድማማቾች ፊት የቆመው ሰው ነገሩን በሙሉ ከምር ይዞታል።

በዚህ ነጥብ ለጸሐፊው የምተወው አንድ ነገር አለ። ሂልና ስፔንሰር የተጣመሩት በእርግጥ በአጋጣሚ ነው፤ በ1967 ለኮሊዚ ፊልም የተመረጠው ፒተር ማርቴል እግሩ ተሰብሮ ሂል ተተካበት። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በአጋጣሚ ማብራራት አይቻልም። የባርቦኒን ጽሑፍ ተቀብሎ ገንዘብ ያወጣው ፕሮዲዩሰሩ ኢታሎ ዚንጋሬሊ ነበር። በ1971 ዳይሬክተሩም፣ ፕሮዲዩሰሩም፣ ሁለቱ ተዋናዮችም ተመልሰው ተከታዩን ሲያወጡ በጣሊያን ብቻ ከ14 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጠ። በጣሊያን የሲኒማ ታሪክ ውስጥ ብዙ ተመልካች ካገኙት ፊልሞች አንዱ ነው። አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ በዓመቱ በዚያው ቡድን፣ ከፊተኛው በበለጠ መጠን አይደገምም ነበር።

ወደ ድብድቡ ልለፍ፤ በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ክፍል ይህ ነው። ጸሐፊው «ማንም ሕፃን ሊያደርገው የሚችል» ይሉታል። በፊልም ውስጥ አንድ ቡጢ እንዴት እንደሚሠራ እናስብ። እጁ ፊትን አይነካም፤ በአጠገቡ ያልፋል። ካሜራው በመሃል ያለውን ክፍተት የሚደብቅ ቦታ ላይ መቆም አለበት። ተመቺው አንገቱን የሚያዞርበት ቅጽበት ትንሽ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ሁሉ ነገር ይበላሻል። ድምፁ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይጨመራል። ይህ ለአንድ ቡጢ ነው። በትሪኒቲ መጨረሻ ላይ ግን የሻለቃው ሰዎች፣ ሞርሞን የተባሉት የአሜሪካ ሃይማኖተኞች፣ ሽፍቶቹና ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ስፍራ ይደባደባሉ። አንዱ ሲወድቅ ከኋላው ሌላው ይነሣል፣ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ይከነበላል፣ ያም ሁሉ በአንድ ምስል ውስጥ ይታያል። ዳይሬክተሩ በችኮላ ቆራርጦ ሊደብቀው ቢፈልግ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ካሜራውን ወደ ኋላ አርቆ ሙሉ ሰውነታቸውን ያሳየናል። እንዲህ ሲሆን የሚሳሳት ሰው መደበቂያ የለውም።

በዚህ ሥራ ውስጥ ስማቸው የማይነሣ ሰዎች አሉ፤ ወድቀው የሚነሡት፣ በመስኮት የሚወረወሩት፣ ደረጃ የሚንከባለሉት የጣሊያን ስታንትማኖች። ሪካርዶ ፒዙቲን ብቻ ልጥቀስ። የሂልንና የስፔንሰርን ፊልሞች ያየ ሰው ስሙን ባያውቅም ፊቱን ያውቀዋል፤ በየፊልሙ እየተመታ የሚወድቀው ያ ሰው ነው። ስፔንሰር ጡጫውን አናት ላይ እንደ መዶሻ ሲያሳርፍ የሚያስቀን የስፔንሰር እጅ ብቻ አይደለም፤ የተመቺው ዓይን ሲንከራተት፣ ጉልበቱ ሲከዳውና ለአፍታ ቆሞ ቆይቶ ሲዘረጋ ነው። ያን የሚሠራው ተመቺው ነው። ቀልዱን የሚጨርሰው እሱ ሆኖ ሳለ ሥራውን የልጆች ጨዋታ ማለት ትልቅ በደል ነው።

በድ ስፔንሰርም እንዲሁ «ወፍራም ስለሆነ ብቻ የተመረጠ» ሰው ተደርጎ ቀርቧል። ካርሎ ፔደርሶሊ (የልደት ስሙ ይህ ነው) መቶ ሜትርን በነፃ ዋና ከአንድ ደቂቃ በታች የጨረሰ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ ነው። በ1952 በሄልሲንኪ፣ በ1956 በሜልበርን ኦሎምፒክ አገሩን ወክሏል። ያ ግዙፍ ሰውነት እንዲያ ቀለል ብሎ ሲዞር፣ ሦስት ሰው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ እግሩ ሳይናወጥ ሲቀር፣ ስፖርተኛ መሆኑን ዓይን ያለው ያየዋል።

ሐሰት ነው ስለሚለው ክስ ብዙ አልልም፤ ጸሐፊው የሚያከብሩትንም ይዞ ስለሚሄድ። ሊዮኔ ራሱ በ1964 የመጀመሪያ ዌስተርኑን ሲያወጣ ቦብ ሮበርትሰን ተብሎ ነበር፤ የሙዚቃ ደራሲው ኤንዮ ሞሪኮኔ ዳን ሳቪዮ፣ ተዋናዩ ጃን ማሪያ ቮሎንቴ ጆን ዌልስ ተብለዋል። ድምፅን በኋላ መቅዳት በዚያ ዘመን የጣሊያን ሲኒማ ሁሉ ልማድ ነው። ለጣሊያን ተመልካች ሂል በፒኖ ሎኪ፣ ስፔንሰር በግላውኮ ኦኖራቶ ድምፅ ተናገሩ፤ ክሊንት ኢስትውድም በሊዮኔ ፊልሞች ውስጥ በጣሊያንኛ የተናገረው በኤንሪኮ ማሪያ ሳሌርኖ ድምፅ ነው። ቦታውን በተመለከተ፣ ትሪኒቲ በአብዛኛው የተቀረጸው ከሮም ብዙ በማይርቅ አገር ነው፤ ሁለቱ የሞርሞን ልጃገረዶች የሚታጠቡበት ፏፏቴ በላትሲዮ የሚገኘው ሞንቴ ጄላቶ ነው። የሊዮኔ በረሃስ የስፔኗ አልሜሪያ አይደለችም? አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጆን ፎርድ ቴክሳስ ብሎ ያሳየንም የዩታንና የአሪዞናን ድንበር ነው። ፊልም በቦታ ስም አይዳኝም።

አሁን ከሳቁ ጀርባ ምንም የለም ወደሚለው። መጀመሪያ አንድ እርማት፦ በትሪኒቲ ውስጥ ማንም አይሞትም የሚለው ትክክል አይደለም። ሂል ገና በመጀመሪያው ክፍል ወደ ኋላው ሳይዞር ተኩሶ ሁለት ሰው አዳኞችን ይጥላል፤ ስፔንሰርም ለመጀመሪያ ጊዜ ስናየው መንገድ ላይ የተፋጠጡትን ሦስት ሰዎች ተኩሶ ይጥላል። ፊልሙ በሽጉጥ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ቡጢ ይሸጋገራል። ይህን ጉዞ ልብ ያላለ ሰው ፊልሙ ምን እያደረገ እንደሆነ ያመልጠዋል። ተመልካቹ አስከሬን ሲቆጥር ዓመታት አሳልፏል፤ ባርቦኒ ከለመደው ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ያደርሰዋል።

ታሪኩም ባዶ አይደለም። ሻለቃው ሸለቆውን ለፈረሶቹ ግጦሽ ይፈልገዋል፤ በሸለቆው የሰፈሩት ሰላማዊ ሞርሞኖች ደግሞ እጃቸውን ማንሣት ሃይማኖታቸው አይፈቅድም። ሸሪፍ ነኝ የሚለው ስፔንሰር ሌባ ነው፤ ኮከቡን የወሰደው ከሌላ ሰው ነው፤ ሐሳቡም የሻለቃውን ፈረሶች ነድቶ መጥፋት ነው። በከተማዋ ያለው ሕግ ሐሰተኛ፣ ሀብታሙ ዘራፊ፣ የሚከላከለውም ሌባ ነው። አቅመ ቢሱን ከመሬቱ ማፈናቀል፣ ጉልበተኛ ሕግን በኪሱ መያዝ፣ ሰላማዊ ሰው ራሱን የመከላከል መብቱ ወዴት ድረስ እንደሆነ፣ እነዚህ ሁሉ በፊልሙ ውስጥ አሉ። ስብከት ስለሌላቸው የሉም ማለት አይደለም።

ጸሐፊው «ሁለት ደቂቃ ሙሉ አንድ ሰው ሲበላ ማሳየት» ብለው የናቁት የቦሎቄው ትዕይንት ላይ ትንሽ ልቆይ። ሂል እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ይቀመጥና መጥበሻ ሙሉ ቦሎቄ ከዳቦ ጋር ይበላል፤ አንድም ሳያስተርፍ መጥበሻውን ይጠርጋል። የሚበላው በእውነት ነው፤ ለትዕይንቱ ሲል ቀደም ብሎ ሳይበላ እንደቆየ ሂል ራሱ ተናግሯል። በጣሊያን ኮሜዲ ውስጥ ረሃብ የቀልድ ሁሉ ሥር ነው። የኔፕልሱ ፑልቺኔላና የቤርጋሞው አርለኪኖ ከዘመናት በፊት ጀምሮ መድረክ ላይ ሁልጊዜ የሚራቡ ሎሌዎች ናቸው። ኮሜዲያኑ ቶቶ በ1954 ከጦርነቱ ችግር ገና ባገገመች አገር ስፓጌቲውን በእጁ እያፈሰ ኪሱ ውስጥ ሲከት ሕዝቡ የሳቀው ረሃብን ስለሚያውቀው ነው። ባርቦኒ ይህን ጥንታዊ ረሃብተኛ ወስዶ ሽጉጥ አስታጠቀውና የካውቦይ አገር ላይ አስቀመጠው። የሊዮኔ ሰዎች ወርቅ ይፈልጋሉ፤ ይኸኛው ምሳ ይፈልጋል። ለእኔ ይህ በዚያ ዘመን በጣሊያን ዌስተርን ውስጥ ከታዩት ሐሳቦች ሁሉ አዲሱ ነው፤ ምንጩም ሆሊውድ ሳይሆን የገዛ አገራቸው መድረክ ነው።

በዚሁ ነጥብ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ቦታ አለ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። ሁለቱ የሞርሞን ልጃገረዶች በፊልሙ ውስጥ ከጌጥነት አያልፉም። የራሳቸው ሐሳብ ያለው አንድ ንግግር እንኳ በቅጡ አልተሰጣቸውም። ሜክሲኮዎቹ ሽፍቶችም ሆዳምና ቆሻሻ ተደርገው የቀረቡበት መንገድ ያኔም ዛሬም የሚያስመሰግን አይደለም። የመካከሉ ክፍልም ይንዛዛል። እነዚህ እውነተኛ ጉድለቶች ናቸው። ነገር ግን በልጃገረዶቹና በሜክሲኮዎቹ ላይ የታየው ጉድለት በኮስታራዎቹ ፊልሞችም ያለ ነው፤ በአስቂኙ ላይ ብቻ ሲቆጠር ሚዛኑ ያዘነብላል።

የመጨረሻው፣ ትሪኒቲ የካውቦይን ፊልም ገደለ የሚለው፣ ብዙ ሰው የሚደግመው አባባል ነው። በመጀመሪያ ትሪኒቲ የመጀመሪያው አስቂኝ ዌስተርን አይደለም። ኮሜዲያኖቹ ፍራንኮ ፍራንኪና ቺቾ ኢንግራሲያ የሊዮኔ የመጀመሪያ ዌስተርን በወጣበት በ1964 ራሱ በካውቦይ ዓለም ላይ ሲቀልዱ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ርዕሱን ሳይቀር እየኮረጁ አስቀውበታል። ቀልድ የሚገድል ቢሆን ኖሮ ዘውጉ በተወለደ በዓመቱ በሞተ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ከ1966 እስከ 1968 ጣሊያን በየዓመቱ በደርዘን የሚቆጠሩ የካውቦይ ፊልሞች አመረተች።

በሽታውም ያ ነበር። ያው ባለ አቧራ መንደር፣ ያው ስም የለሽ ተኳሽ፣ ያው በቀል። ትሪኒቲ በ1970 መጨረሻ ሲወጣ ምርቱ ከጫፉ ወርዶ ነበር። የጣሊያን ሲኒማ ከዚያ በፊትም ይህን አይቷል። በ1958 ስቲቭ ሪቭስ ሄርኩለስን ሲጫወት የጀመረው የጡንቸኞች ማዕበል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገበያውን አጥለቅልቆ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ ቦታውን ለካውቦይ ለቀቀ። ሄርኩለስን ማን ገደለው? ትሪኒቲ አልነበረም። ተመልካቹ ጠገበ፣ አምራቾቹም ወደሚሸጠው ዞሩ። በ1972 ዳይሬክተሩ ስቴኖ የሠራው የፖሊስ ፊልም ገበያውን ሲከፍት ያው አምራቾች ወደ ፖሊስና ወንበዴ ታሪክ ተሻገሩ። በድ ስፔንሰር ራሱ በ1973 በዚያው በስቴኖ እጅ የኔፕልስ ፖሊስ ሆኖ መጣ። ካውቦይ የሄደው ከእሱ በፊት የነበረው ሄርኩለስ በሄደበት መንገድ ነው።

ከትሪኒቲ በኋላ በ1971ና በተከታዮቹ ዓመታት የመጡት አስመሳዮች ግን ጸሐፊው እንዳሉት አብዛኞቹ ደካማ ናቸው። ጥፊውን ወስደው ሰውየውን ረሱት። ለዚህ ባርቦኒን መክሰስ ጃንጎን ለቀዱት ሁሉ ኮርቡቺን እንደመክሰስ ነው። ኮስታራው ዌስተርንም ቢሆን በሩ አልተዘጋበትም፤ ሉቺዮ ፉልቺ በ1975 የሠራውና ኤንዞ ካስቴላሪ በ1976 ከፍራንኮ ኔሮ ጋር የሠራው ፊልሞች ሳቅ የሌለባቸው፣ ከዘውጉ ምርጦች የሚቆጠሩ ናቸው።

ሊዮኔን ለትሪኒቲ ማውገዣ ያደረጉበትን አንቀጽም እዚህ ላይ ልመልስ። በ1973 ቶኒኖ ቫሌሪ ያዘጋጀው «ስሜ ማንም ነው» ከሊዮኔ ሐሳብ የተወለደና እሱ ራሱ ከጀርባ ሆኖ ያሠራው ፊልም ነው። በዚያ ውስጥ ሊዮኔ ከ«በአንድ ወቅት በምዕራብ» የምናውቀውን ሄንሪ ፎንዳን በአንድ ወገን አቆመ፤ በሌላው ወገን ያቆመው ቴረንስ ሂልን ነው፤ ያውም የትሪኒቲን ስንፍና፣ የትሪኒቲን ረሃብና የትሪኒቲን ጥፊ እንደያዘ። ወጣቱ ሽማግሌውን ተኳሽ ያመልከዋል፤ ብቻውን ከ150 ፈረሰኞች ጋር ተጋጥሞ ስሙ በታሪክ እንዲጻፍ ይገፋፋዋል። ሊዮኔ በትሪኒቲ ስኬት ተናድዶ ይሆናል፤ ያንን ልቀበል እችላለሁ። መልሱን ሲሰጥ ግን ሂልን ከካውቦይ ዓለም አላባረረውም፤ ከፎንዳ እኩል ቦታ ሰጥቶ የታሪኩን ግማሽ አሸከመው። ጸሐፊው ሊዮኔን ምስክር አድርገው የሚጠሩ ከሆነ ይህንንም የምስክርነቱን ክፍል ሊያስገቡት ይገባ ነበር።